ቀስ ብሎ የሚሄድ እንግዳ
(በቻይና ባላገር ቤት ስለ መሰንበት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ የንግግር ክፍል ስለ ቻይና አገር እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ ወዲያው እሺ አላልንም። ያመነታንበትም ምክንያት ሁለት ነበር። አንደኛው፥ ከአንድ ቢሊዮን አራት መቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስላለበት አገር በጥቂት ዓመት ትምህርት ዐዋቂ ነን ብሎ መቆም ድፍረት መስሎ ስለ ታየን ነው። ሁለተኛው፥ ስለ ቻይና ፋብሪካ፥ ስለ ቻይና ሕንጻና ስለ ቻይና ንግድ ከእኛ የበለጠ የሚናገር ሰው በየመንገዱ ስለማይታጣ ነው። በመጨረሻ እሺ ያልነው ብዙ ሰው የማይናገርለትን አንድ ነገር በዓይናችን ስላየን ነው። ይኸውም የቻይና ባላገር ቤት ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁ፥ በዚያ አገር ትምህርት ላይ ሳለን በሐምሌና በነሐሴ የዕረፍት ጊዜ አራት ሆነን በሲቹዋንና በጉይዡ ጠቅላይ ግዛቶች ስላደረግነው ጉዞ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናዘዝ። ጉዞ በጀመርን በሁለተኛው ቀን ከአንድ ባለመኪና ጋራ ተዋውለን በአንድ ቀን ሦስት መንደር ለማየት ወጣን። በየመንደሩ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቆምን፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ ለልጆች ከረሜላ ሰጠን፤ ሄድን። በሦስተኛው መንደር አንድ ሽማግሌ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቅርጫት ይሠሩ ነበር። እኛ ካሜራችንን አቅንተን ስንጠጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሡ፤ ቅርጫታቸውን ይዘው ገቡ፤ በሩንም ዘጉት። ባለመኪናው ሣቀ፤ እኛ ግን መሣቅ አልቻልንም። ማታ በማደሪያችን ስንጫወት፥ «አንድ የውጭ አገር ሰው እንደምን ዋላችሁ እንኳ ሳይል ወደ አያቶቻችን ደጅ ቀርቦ እንዲህ ቢያደርግ ምን እንል ነበር?» ተባባልን። መልሱን የሚናገር አልተገኘም።

በማግሥቱ የጉዞአችንን አሳብ ለወጥን። ለመሄድ ቀስ ያለውን ባቡር፥ ለመቆየት ደግሞ አንድ ቤት ብቻ እንምረጥ አልን። ከዚያ በኋላ የተማርነው ሁሉ በአጭሩ ይህ ነው። ፈጥኖ የሚሄድ ሰው ያያል እንጂ አይታይም፤ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም። የሚሰነብት እንግዳ ግን ራሱ ይታያል፤ ራሱም ይጠየቃል። ጉዞ ትምህርት የሚሆነው እንግዳው መጠየቅ ከጀመረ በኋላ ነው ብለን እናምናለን።

ስለ ባቡሩ ጥቂት እንበል። የቻይና ባቡር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሰዓት እስከ 350 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ነው። የፈጣኑ ባቡር ሐዲድ በ2024 መጨረሻ 48,000 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ነገር ግን በዚያው አገር፥ በተራራማና በሩቅ ቦታዎች፥ ዘገምተኛ ባቡሮች ዛሬም ይመላለሳሉ። በደርሶ መልስ ሲቈጠሩ ሰማንያ መሥመር ያህል ይሆናሉ። መንግሥት የሚያስኬዳቸው ትርፍ ስለሚያመጡ አይደለም፤ ሌላ መጓጓዣ ላጣው ባላገር ሲል ነው።

እኛ የተሳፈርንበት 5633 በሚል ቁጥር የሚጠራው ነው። በሲቹዋን ውስጥ፥ የዪ ሕዝብ በሚኖርበት በሊያንግሻን ተራራ፥ ከፑሾንግ እስከ ፓንዢሁዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ላይ ከሃያ በላይ በሆኑ ጣቢያዎች ስለሚቆም ቀኑን ሙሉ ይፈጅበታል። ሐዲዱ ከቼንግዱ እስከ ኩንሚንግ በ1970 የተከፈተው የጥንቱ መሥመር ነው። 427 የተራራ ዋሻዎችና 991 ድልድዮች አሉበት፤ ሲሠራም ከሁለት ሺሕ በላይ ሠራተኞች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በታኅሣሥ 2022 በአጠገቡ አዲስ መሥመር ተጠናቅቆ ስለ ተከፈተ ፈጣኖቹ ባቡሮች ወደዚያ ሲሄዱ፥ ዘገምተኛው በአሮጌው ላይ ቀርቷል። የቲኬቱ ዋጋ ከ1995 ጀምሮ አልተጨመረም። ዝቅተኛው 2 ዩዋን፥ ከዳር እስከ ዳር ያለው ደግሞ 26 ዩዋን ያህል ነው።

ከፉርጎዎቹ አንዱ መቀመጫው ተነቅሎለት ለከብትና ለጭነት ተለቋል። ፍየል፥ አሳማ፥ ዶሮ፥ ጐመንና ድንች ከባለቤቶቹ ጋራ ይሳፈሩበታል። ባቡሩ ውስጥ ገበያው የሚጀመረው ከገበያው ሥፍራ በፊት ነው። በትምህርት ወራት ደግሞ የተራራው ልጆች ቅዳሜና እሑድ ወደየቤታቸው ሄደው የሚመለሱት በዚሁ ነው።

ከፊታችን የተቀመጡት አንዲት የዪ ሴት የተቀቀለ ድንችና በዚያ ደጋ ከሚበቅል መራራ እህል የተጋገረ ቂጣ ከጨርቅ ፈትተው አቀረቡልን። ከዚያም ጥያቄው ተጀመረ። የማን ልጆች ናችሁ? ስንት ወንድምና እኅት አላችሁ? አገራችሁ ድንች ይበቅላል? እናቶቻችሁ እስከዚህ ድረስ እንዴት ለቀቋችሁ? ባቡሩ ቀስ ይላልና ለማምለጥ አይቻልም፤ ሁሉንም መለስን። ባለፈው ዓመት በፈጣኑ ባቡር ስንሄድ በአጠገባችን ከተቀመጠ ሰው ጋራ አንድ ቃል ሳንለዋወጥ አንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር እንደ ተጓዝን ያን ጊዜ ትዝ አለን።

ከሲቹዋን በኩንሚንግ በኩል አድርገን ወደ ጉይዡ አለፍን። ወደዚያ የሄድንበት ምክንያት አንድ የክፍል ጓደኛችን ነው። አያቶቹ በጠቅላይ ግዛቱ ደቡብ ምሥራቅ፥ በሊፒንግ ወረዳ፥ በአንድ የዶንግ መንደር ይኖራሉ። በዚህ ላይ አንድ ነገር መግለጽ ይገባናል። በቻይና ገጠር ከቤተሰብ ጋራ ለማደር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ኖንግጂያለ» የሚባለው ነው፤ ትርጕሙ «የገበሬ ቤት ደስታ» እንደ ማለት ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በቼንግዱ አጠገብ፥ ኖንግከ በሚባል መንደር የተጀመረ ሲሆን ገበሬው ለከተማ ሰው አልጋና ምግብ በዋጋ ያቀርባል። ይህ ግልጽ ንግድ ስለሆነ ነውር የለበትም፤ ዋጋውን ጠይቆ መክፈል ነው። ሁለተኛው መንገድ በሰው በኩል ገብቶ እንግዳ መሆን ነው። ይህኛው ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ዕዳው የበለጠ ነው። እኛ የገባነው በሁለተኛው ነው።

የዶንግ ሕዝብ በ2020 ቈጠራ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ነበር። ራሳቸውን «ካም» ብለው ይጠራሉ፤ ቋንቋቸውም ከቻይንኛ የተለየ ነው። በ1958 በላቲን ፊደል እስኪዘጋጅላቸው ድረስ የራሳቸው ጽሕፈት ስላልነበራቸው ታሪካቸውንና ሕጋቸውን የያዙት በዘፈን ነው። ያለ መሣሪያና ያለ መሪ በብዙ ድምፅ የሚዘፍኑትን ታላቁን መዝሙር ዩኔስኮ በ2009 በሰው ልጅ ቅርስነት መዝግቦታል። እህል ሰውነትን፥ ዘፈን ልብን ይመግባል የሚል አባባልም አላቸው።

ቤታቸው ከጥድ ዓይነት እንጨት የተሠራ ባለ ሦስት ደርብ ነው። ከታች ከብትና የእርሻ ዕቃ፥ ከላይ ምድጃና መኝታ አለ። በቀድሞ ልማድ ልጅ ሲወለድ ይህን ዛፍ ይተክሉለታል፤ ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ዛፉም ለቤት ይደርሳል። በመንደሩ መካከል እንደ ግንብ ከፍ ብሎ የሚታየው፥ ጣራው በጣራ ላይ የተደራረበው ቤት «የከበሮ ግንብ» ይባላል። በሥሩ እሳት አለ፤ በእሳቱ ዙሪያ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የዳኝነትም የጨዋታም ቦታ ስለሆነ የእኛን አገር የዋርካ ጥላ አስታወሰን።

እንደ ደረስን የጓደኛችን አያት የዘይት ሻይ አፈሉልን። የሻዩን ቅጠል በዘይት ይጠብሱና ውሃ ያፈሉበታል፤ በሣህን ቀድተውም የፈነዳ ሩዝና ለውዝ ይጨምሩበታል። የተሰጠን የመብያ እንጨት አንድ አንድ ብቻ ነበር። ሣህኑን ባዶ ባደረግን ቍጥር ይሞሉታል። አምስተኛው ሣህን ላይ ስንጨነቅ ጓደኛችን ሣቀና፥ በቃኝ ለማለት እንጨቱን በሣህኑ አፍ ላይ አጋድሞ ማስቀመጥ እንደሚገባ ነገረን። ከሦስት በታች የጠጣ ግን ራሱን ባዕድ አደረገ ማለት ነው አለን። አቦል፥ ቶና፥ በረካ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሩቅ አገር አልነበረም።

ሁለተኛውን ጥፋታችንን የሠራነው በዚያው ሌሊት ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕግ፥ በሆቴል ሳይሆን በግል ቤት የሚያድር የውጭ አገር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱ ወይም ባለቤቱ ለፖሊስ ጣቢያ ማስታወቅ አለበት። ይህን ብናውቅም «ነገ እናደርገዋለን» ብለን ተኛን። በማግሥቱም ረሳነው። በሦስተኛው ቀን ጧት የሰማንያ ዓመቱ አባባ ስለ እኛ መልስ ለመስጠት ወደ ቀበሌው ከተማ መውረድ ግድ ሆነባቸው። ነገሩ በሰላም ተፈጸመ፤ እሳቸውም አንድ ቃል አልተናገሩንም። ነገር ግን የእኛ ቸልተኝነት የሚያስከፍለው እኛን ሳይሆን ባለቤቶቹን መሆኑን ያን ቀን ዐወቅን።

ሽማግሌዎቻችን «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ነው» ይላሉ። እኛም በሦስተኛው ቀን ብረት ሆንን። ብረት ግን ለሥራ ይሆናል። ጓደኛችን ለሥራ ወደ ከተማ ስለ ሄደ ከአያቶቹና ከአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋራ ቀረን። ልጅቷ የአጎቱ ልጅ ናት። አያቶቹ ቻይንኛ እምብዛም ስለማይናገሩ አስተርጓሚያችን እሷ ሆነች። አያቷን «ሳ» ብለን እንድንጠራም ያስተማረችን እሷ ናት። ሳ በዶንግ ቋንቋ አያት ማለት ነው። በመንደሩ መካከል የሚከበር የድንጋይ መሠዊያ አለ፤ የሚከበርባት የሕዝቡ ጠባቂም ስሟ «ሳ» ነው። ከሁሉ በላይ የሚያከብሩትን አያት ብለው የሚጠሩ ሰዎች ናቸው።

ሳ ሥራ ሰጡን። ጧት ዳክዬዎቹን ወደ ሩዝ ማሳ እንነዳለን። በዚያ አገር ሩዝ፥ ዓሣና ዳክዬ በአንድ ማሳ ይኖራሉ። ዓሣው ተባይና አረም ይበላል፤ ዳክዬው ውሃውን ያማስላል፤ የሁለቱም ፋንድያ ለሩዙ ማዳበሪያ ይሆናል። ይህንኑ የዶንግ አሠራር የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 ከዓለም የእርሻ ቅርሶች አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል። ነገር ግን ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሩዙ ገና ለጋ ሳለ ትልቅ ዳክዬ ቢገባ ይረግጠዋል፤ ዓሣው ትንሽ ሳለም ይውጠዋል። በየትኛው ቀን የትኛው ይገባል የሚለውን አባባ ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ከእኛ አንዱ የእርሻ ትምህርት ተማሪ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩን በአምስት ቀን ጨረሰ።

ከሰዓት በኋላ ጨርቅ መውቀጥ ነበር። የዶንግ ሴቶች ጥጡን ራሳቸው ሸምነው ከቅጠል በሚወጣ ሰማያዊ ቀለም ደጋግመው ይነክሩታል። ከዚያም የዕንቍላል ነጭ ቀብተው በድንጋይ ላይ በእንጨት መዶሻ ይወቅጡታል፤ በመጨረሻም እንደ መዳብ ያብረቀርቃል። አንድ ጨርቅ ለመጨረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ማታ ማታ ከየደጁ የሚሰማው የመዶሻው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ቀን እጃችን ተላጠ፤ በአራተኛው ቀን ግን ሳ መዶሻውን ከእጃችን መንጠቅ ተዉ።

ማታ ከእራት በኋላ የልጅቷ እናት በስልክ ትታያለች። እሷና ባልዋ በጓንግዶንግ ጠቅላይ ግዛት በልብስ ስፌት ፋብሪካ ይሠራሉ። እናትየዋ የቤት ሥራ ሠርተሻል ወይ ብላ ስትጠይቅ እጇ መስፋቱን አያቆምም፤ የመኪናው ድምፅ ከድምፅዋ ጋራ ይመጣል። ልጅቷም ስልኩን ከሣህኑ ጋራ አስደግፋ እያወራች ትበላለች። በመንደሩ ያየነው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ወይ ሽማግሌ ነው፥ ወይ ሕፃን። መካከሉ የለም።

ይህ የአንድ ቤት ነገር አይደለም። በ2024 ከገጠር ወጥተው ወይም እርሻቸውን ትተው በደመወዝ የሚሠሩ ቻይናውያን 300 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ልጆቻቸውን ይዘው የማይሄዱበት ዋና ምክንያት «ሁኮው» የሚባለው የነዋሪነት መዝገብ ነው። በ1958 በወጣው ሕግ ሰው ሁሉ በተወለደበት ቤተሰብ ቦታ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤትም ከመዝገቡ ጋራ ተያይዘዋል። ሕጉ በየጊዜው ቢላላም በትልልቆቹ ከተሞች ለሠራተኛ ልጅ የትምህርት ቤት ቦታ ማግኘት ዛሬም ያስቸግራል። በ2018 መንግሥት ራሱ እንደ ቈጠረው ሁለቱም ወላጆቻቸው ርቀው ሄደው፥ ወይም አንዱ ሄዶ የቀረው ለማሳደግ ሳይችል፥ በገጠር የቀሩ ልጆች 6.97 ሚሊዮን ነበሩ። አብዛኞቹን የሚያሳድጉት አያቶች ናቸው። በፋብሪካ የተሠራውን ልብስ ስናይ በሌላው ጫፍ ሳ ተቀምጠው እንዳሉ ከዚያ በፊት አስበን አናውቅም።

በአንድ ማታ በከበሮው ግንብ ሥር ተቀምጠን ሳለ አንድ ሽማግሌ ቻይናውያን በአገራችሁ ሐዲድ ሠሩ መባሉ እውነት ነው ወይ ሲሉ ጠየቁን። እውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የቻይና ኩባንያዎች ሠርተውት በ2016 ተመርቋል አልናቸው። «በየመንደሩ ይቆማል?» አሉ። ዝም አልን። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጥንቱ ባቡር በየትንሹ ጣቢያ ይቆም እንደ ነበር፥ በየጣቢያውም ሴቶች ምግብና ፍራፍሬ ይሸጡ እንደ ነበር ከአባቶቻችን ሰምተናል። አዲሱ ግን የሚቆምባቸው ጣቢያዎች ጥቂት ናቸው፤ ጣቢያዎቹም ከከተሞቹ መካከል የራቁ ናቸው። ይህንኑ ነገርናቸው። ሽማግሌውም ራሳቸውን ነቅንቀው ፒፓቸውን ሞሉ።

ከሁሉ የከበደን ጥያቄ ግን ከሳ የመጣው ነው። በዘጠነኛው ማታ በምድጃው አጠገብ ድንች እየጠበስን ሳለን ለልጅቷ አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም እንዲህ ስትል ተረጐመችልን፦ «የእናንተስ ሳ ከማን ጋራ ናት?» ተራ በተራ መለስን። የአንዱ ሞታለች፤ የሁለቱ ከልጆቻቸው ጋራ በከተማ ናቸው። አራተኛው ጓደኛችን ግን ዘገየ። በመጨረሻ፥ ያሳደገችኝ አያቴ ናት፤ በገጠር ብቻዋን ትኖራለች፤ ካየኋት አራት ዓመት ሆነኝ አለ። ሳ አልወቀሱትም። አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ጨመሩና የበሰለውን ድንች ልጠው ሰጡት።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስንሰናበት ሦስተኛውን ጥፋት ሠራን። ሳ እንደማይቀበሉን ስለምናውቅ ገንዘብ ትራስ ሥር አስቀምጠን ወጣን። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ልጅቷ ገንዘቡን በአንድ እጅ፥ አንድ ጥቅል ጨርቅ በሌላው እጅ ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ገንዘቡን ለእኛ መለሰች። ጨርቁን ደግሞ ለዚያ ጓደኛችን ሰጠችና፥ «ይህ ለሳህ ነው ብላለች» አለችው። አብረን የወቀጥነው ጨርቅ ነበር።

የክፍል ጓደኛችን በኋላ እንደ አስረዳን፥ ገንዘቡ አያቱን ያሳዘናቸው ቤታቸውን እንደ ማደሪያ ቤት ስለ ቈጠረው ነው። ፍራፍሬ፥ ዘይት ወይም ሻይ በሁለት እጅ መስጠት፥ ለበዓል ለልጅ በቀይ ወረቀት መላክ የአገሩ ልማድ ነው፤ በድብቅ ትቶ መሄድ ግን ሒሳብ መዝጋት ነው። እኛም ከዚያ በኋላ የቤተሰቡን ፎቶግራፍ አሳትመን ላክን፤ አንዱን ቅጂ በጓንግዶንግ ላለችው እናት ሰደድን።

ክቡራን መምህራን፤ ይህ የወጣቶች ወግ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም እንዳትሉን ከዚያው አገር ሁለት ምስክሮች እንጥራ።

አንደኛው ሹ ሺያከ ነው፤ ከ1587 እስከ 1641 የኖረ ሲሆን ከሠላሳ ዓመት በላይ አብዛኛውን በእግሩ ተጉዞ ያየውን በየቀኑ ይጽፍ ነበር። የጉዞ ማስታወሻው የሚጀምርበት ግንቦት 19 ከ2011 ጀምሮ የቻይና የቱሪዝም ቀን ሆኖ ይከበራል። በመጨረሻው ጉዞው በዩናን የሊጂያንግ ገዥ አስተናግዶት የአንድ ተራራ ታሪክ እንዲጽፍለት ለምኖት ነበር። እግሩ አልታዘዝ ባለው ጊዜም ገዥው በሰው ትከሻ አሸክሞ ወደ አገሩ ሰደደው። እንግዳው ለአገሩ ሠራ፤ አገሩም እንግዳውን ተሸከመ።

ሁለተኛው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ የነበረው ፌይ ሺያውቶንግ ነው። በ1935 መጨረሻ በጓንግሺ ተራሮች ለጥናት ሲዘዋወር በነብር ወጥመድ ወድቆ ክፉኛ ቈሰለ፤ ባለቤቱም ርዳታ ልታመጣ ሄዳ ሞተች። በ1936 በጋ ለማገገም እኅቱ የሐር ሥራ ማኅበር ወደ አቋቋመችበት ካይሺያንጎንግ ወደሚባል መንደር ሄደ። ለጥናት አልሄደም፤ ግን ሁለት ወር ያህል ሲቀመጥ ከገበሬዎቹ ጋራ ተላመደ፥ ጠየቀ፥ ጻፈ። ከዚያ የወጣው መጽሐፍ በ1939 በለንደን ታትሞ ስለ ቻይና ገበሬ ኑሮ ከተጻፉት ዋነኞቹ አንዱ ሆነ። የሚበልጠው ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2005 እስኪሞት ድረስ ከሃያ ጊዜ በላይ ወደዚያው መንደር ተመልሷል። አጥንቶ አልተለያየም።

አሁን ደግሞ በእኛ ላይ የሚነሣውን መቃወሚያ ራሳችን እናንሣ። «እናንተ ዘገምተኛ ባቡር የምታመሰግኑ ባላገሩ በድኽነት እንዲቀር ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ከጉይያንግ እስከ ጓንግዡ ያለው ፈጣን ባቡር በታኅሣሥ 2014 እስኪከፈት ድረስ በጓንግዶንግ የሚሠሩ የጉይዡና የጓንግሺ ሰዎች ለአዲስ ዓመታቸው በብርድና በዝናብ በሞተር ብስክሌት፥ ልጆቻቸውን ከኋላ አዝለው፥ ከአንድ ቀን በላይ ይጓዙ ነበር። ዛሬ የዚያች ልጅ እናት በጥቂት ሰዓት ትደርሳለች። ለእናትየዋ ባቡሩ ይፍጠን! ቀስ ማለት የሚገባው ሥራ ላይ ያለው ሰው አይደለም፤ ዕረፍት አግኝቶ ወደ ሰው ቤት የሚገባው ነው። ዘገምተኛው ባቡርም የሚያስፈልገው እኛን ለማስደሰት አይደለም፤ ፈጣኑ የማይቆምባቸው መንደሮች ስላሉ ነው።

እንግዲህ ወደ ቻይና ገጠር ለመሄድ ለሚያስቡ ጓደኞቻችን ምክራችን አጭር ነው።

አንደኛ፥ አምስት መንደር ከማየት በአንድ መንደር አምስት ቀን መቈየት ይሻላል።

ሁለተኛ፥ በሰው በኩል ግቡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥም ተመዝገቡ። የእናንተን ስንፍና ባለቤቱ እንዲከፍል አታድርጉ።

ሦስተኛ፥ ከካሜራ በፊት ሰላምታ፥ ከጥያቄ በፊት ሥራ ይቅደም።

አራተኛ፥ በገንዘብ ያደራችሁበትን በገንዘብ፥ በፍቅር ያደራችሁበትን በፍቅር ክፈሉ፤ ሁለቱን አታደባልቁ።

አምስተኛ፥ ስትጠየቁ እውነቱን መልሱ።

ይህን አምስተኛውን ያከበድነው በምክንያት ነው። ያ ጓደኛችን ዛሬ ከእኛ ጋራ በዚህ መድረክ ላይ ቆሟል። ወደ አገራችን ከተመለስን ሦስት ወር አልፎናል፤ የሳ ጨርቅ ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ በመኝታ ክፍላችን በሣጥን ውስጥ ነበር። በመጀመሪያ ምዝገባ፥ ቀጥሎ ፈተና፥ ቀጥሎ የመኪና ገንዘብ እያልን አዘገየነው። ለማናውቃት ሴት ዐሥራ ሁለት ቀን የሰጠን ሰዎች ለገዛ አያታችን ሁለት ቀን አጣን። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ በተሰበሰበው ፊት ይህን እንድንናገር የጠየቀን ራሱ ነው፤ ሰው ፊት ያልተነገረ ተስፋ ይረሳል አለን።

ስለዚህ በመጪው የፈተና ዕረፍት አራታችንም አብረን እንሄዳለን። የመጨረሻውን መንገድ በእግር ነው አሉ። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ጨርቅ በሣጥኑ ያለ፥ ወይም ያልተመለሰ ጥያቄ በልቡ ያለ ካለ፥ ዕረፍቱ እስኪደርስ አይዘግይ።